ቀይ ሲበዛ

ከጀልባዬ መሪ አጠገብ አንዲት ስክሪን አለች፤
ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፣ ማሚቶ ትለቅማለች፤
ባዶ ውሃ ስታይ ሰማያዊ ናት፣ ዝም ብላ ትበራለች፤
የሄሪንግ ዓሣ መንጋ ከሥራችን ሲያልፍ ግን
ቀይ ትለብሳለች።
ሃያ ስድስት ዓመት
እንዲህ ብዬ አመንኳት፦
ቀይ ሲበዛ ሲሳይ፤
ቀይ ሲበዛ፣ ሆግኒ፣ መረብ ጣል ሳትዘገይ።

በክላክስቪክ ሆስፒታል፣ መብራቱ በደበዘዘ ክፍል፣
ራንቫ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ቅባቱ ሆዷ ላይ ይቀዘቅዛል።
ሱና የምትባል ልጅ (አባቷ መረብ ጠጋኝ ነበር፣ አውቀዋለሁ)
መሣሪያውን በቀስታ ታዞራለች፤ እኔ ከኋላዋ አያለሁ።
ጽንሱ ከወጣ ዐሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል፤
በግራጫው መሃል ግን አንድ ነገር ቀርቷል፣
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣
ግድግዳውን ይዛ አልወጣም ያለች።
"ዶፕለር" አለች ሱና፤ ቁልፍ ነካች፤
ስክሪኗ ቀይ ለበሰች።

እኔ ሞኙ፣ ደስ አለኝ።
ለአንዲት ቅጽበት፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ደስ አለኝ።
ከዚያ የሱናን ፊት አየሁ።

ዶክተር ማርዩን መጣች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፤
"በሴኮንድ ሰማንያ ስምንት ሴንቲ ሜትር" ብላ ዝም አለች።
"አውጪላትና ትገላገል" አልኩ፤
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔኑ ቆረጠኝ።
"ጥፍር አታህልም፤ የሩብ ሰዓት ሥራ አይደል?"
"ከሥሯ ያለውን ወንዝ እይ እንጂ፣ እሷን አትይ" አለችኝ።
"የጀልባህን ውታፍ በባሕር መሃል ትነቅላለህ?"
መልስ አልነበረኝም።
"በፍሪጃችን የራንቫ ዓይነት ሁለት ከረጢት ነው፣ ሌላ የለም፤
ጉሙ ወርዷል፣ ሄሊኮፕተር አይነሳም፤
ወንዙ ሳይጎድል እጄን አልሰድም።"

ቆየን።
ጎረቤት "እንኳን ተረፈች" ይላል፤
የተረፈው ምን እንደሆነ ማን ይነግረዋል?
ራንቫ መታጠቢያ ቤት ጨርቅ ትቆጥራለች፤
እኔ ሌሊት እነሳለሁ፤
አንሶላውን በጨለማ በእጄ እዳስሳለሁ፤
ደረቅ ከሆነ እተኛለሁ።

ወጥ ሠሪያችን ቴይቱር እጅጌውን ጠቅልሎ ሄደ፣
"የኔም ኦ ኔጋቲቭ ነው" ብሎ።
ሲመለስ፣ "የበግ ጉበት አብሉኝ፤ ከአሳማ ይልቅ ደምቻለሁ" ብሎ
ሁላችንንም አሳቀን።
በማግስቱ ሌሎቹም፣ ዓይነታቸው ይሁን አይሁን ሳያውቁ፣
አንድ በአንድ ወረዱ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ።

በአምስተኛው ሳምንት ሱና ቁልፉን ነካች።
ቀዩ ሳስቶ ነበር፣
አመድ እንደ ለበሰ ፍም እዚህም እዚያም ነጠብጣብ።
"ሠላሳ አንድ" አለች ማርዩን፤ ሌላ አልተናገረችም፤
እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ሩብ ሰዓት ያልኩት አርባ ደቂቃ ፈጀ።
ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች፣
"የፈሰሰው በሾርባ ማንኪያ የሚለካ ነው" አለች።
የቴይቱር ከረጢት ሳይከፈት ወደ ፍሪጁ ተመለሰ፤
በሦስተኛው ቀን ከገደል ለወደቀ የወፍ አዳኝ ሰጡት፣
ከማዶ ደሴት ላመጡት።
ራንቫ ይህን ስትሰማ ትራሷን አስተካከለች፤
ስለ ራሷ አልጠየቀችም፤ "ሰውየው ዳነ?" አለች።
አላውቅም ነበር።
ከዚያ ነው ያለቀሰችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ለማታውቀው ሰው
ወይም ለዚያች ጥፍር ለምታህለው።

ዛሬ ባሕር ላይ ነኝ። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነው።
ስክሪኗ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ለብሳለች።
ቴይቱር ከኋላ ይጮኻል፦ "መረቡን!"
"ቆይ" እላለሁ።
"ምኑን?"
"ቆይ ብቻ።"